የደበዘዘ አረንጓዴ ሌዘር ለምን አይታመንም? በክሪስታል ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች እንቅስቃሴና የዓይን ደኅንነት

ከደባርቅ ተነስቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ ዛሪማ የደረሰ መንገደኛ የአየሩን መለወጥ ለማወቅ መለኪያ አያስፈልገውም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደባርቅ ማለዳ የተከናነበውን ጋቢ ዛሪማ ላይ አውልቆ በትከሻው ይይዘዋል። በኪሱ አረንጓዴ የሌዘር መጠቆሚያ ካለ፣ መሣሪያውም ለዚህ የአየር ለውጥ የራሱን ምላሽ ይሰጣል። በዛሪማ ሙቀት ደምቆ የሚታየው ጨረር በደባርቅ የማለዳ ብርድ ደብዝዞ ሊወጣ ይችላል።

በዚህ ጊዜ ተጠቃሚው «ባትሪው ደክሟል፤ ስለዚህ ጨረሩም ጉልበት የለውም» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ይህ ግምት ዓይንን ለከባድ ጉዳት ሊያጋልጥ የሚችል ነው። አብዛኛውን ጊዜ በገበያ ላይ በሚገኙ መጠቆሚያዎች ውስጥ አረንጓዴው ብርሃን የሚገኘው በዓይን ከማይታይ ሌላ ጨረር ተለውጦ ነው። ለውጡ ሲጓደል አረንጓዴው ይደበዝዛል፤ ያልተለወጠው የማይታይ ጨረር ግን በመሣሪያው አፍ ሊወጣ ይችላል።

ይህ ጽሑፍ ለውጡ በክሪስታል ውስጥ በሚገኙ ኤሌክትሮኖች እንቅስቃሴ እንዴት እንደሚከናወን ያብራራል። በተጨማሪም ዜጎች የሌዘር መጠቆሚያ ሲገዙና ሲጠቀሙ ሊወስዱት የሚገባውን ጥንቃቄ ያመለክታል።

ብርሃን ኤሌክትሮንን ሲያወዛውዝ

ብርሃን የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ ነው። በአንድ ቁስ ውስጥ ሲያልፍ የኤሌክትሪክ ኃይሉ በቁሱ ውስጥ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛል። የተወዛወዘ ኤሌክትሮን በበኩሉ ብርሃን መልሶ ያመነጫል። የሚመነጨው ብርሃን ምን ዓይነት ቀለም እንደሚኖረው የሚወሰነውም በኤሌክትሮኑ አወዛወዝ ነው።

ክሪስታል የሚባለው አተሞቹ በማያቋርጥ ተደጋጋሚ ንድፍ የተደረደሩበት ጠጣር ነገር ነው። ስኳር፣ ኳርትዝ፣ የገበታ ጨው እንዲሁም በቀድሞ ዘመን በገበያ እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው አሞሌ ሁሉም ከክሪስታል የተሠሩ ናቸው። በክሪስታል ውስጥ የታሰረ ኤሌክትሮን በአካባቢው ባሉ አተሞች የተያዘ በመሆኑ ሲገፋ ከቦታው ፈቀቅ ይላል፤ ግፊቱ ሲለቀው ደግሞ ይመለሳል።

የፀሐይ ወይም የአምፖል ብርሃን ኤሌክትሮኑን ከቦታው የሚያነቃንቀው እጅግ በጥቂቱ ነው። በዚህ መጠን ግፊቱ እጥፍ ሲሆን እንቅስቃሴውም እጥፍ ይሆናል፤ የሚወጣው ብርሃንም የገባውን ብርሃን ድግግሞሽ እንደያዘ ይቆያል። ቀይ የገባው ቀይ ሆኖ ይወጣል። ይህ በሳይንሱ መስመራዊ ምላሽ ተብሎ ይጠራል።

የሌዘር ብርሃን በጠባብ ቦታ ላይ ሲሰበሰብ ግን ግፊቱ እጅግ ብርቱ ይሆናል። ኤሌክትሮኑም ከግፊቱ ጋር ተመጣጥኖ መንቀሳቀሱን ይተዋል። ይህ መስመራዊ ያልሆነ ምላሽ ይባላል። ለዚህ ቅርብ የሆነው ምሳሌ የድምፅ ማጉያ ነው። ማጉያው በመጠኑ ሲከፈት የተናጋሪው ድምፅ ሳይለወጥ ይሰማል። ከአቅሙ በላይ ሲከፈት ግን ግፊቱን በትክክል መከተል ስለሚያቅተው በመጀመሪያው ድምፅ ውስጥ ያልነበሩ ሻካራና ቀጫጭን ድምፆች ይጨመሩበታል። በክሪስታሉም ውስጥ እንደዚሁ በገባው ብርሃን ያልነበረ አዲስ ቀለም ይፈጠራል።

የክሪስታሉ አሠራር ምን ይወስናል?

ብርቱ ብርሃን ብቻውን በቂ አይደለም። አረንጓዴውን ለማግኘት የክሪስታሉ የአተሞች አደራደርም ወሳኝ ነው። በተዳፋት ቦታ ላይ ያለ ድንጋይ በእኩል ጉልበት ቢገፋ ወደ ቁልቁለቱ ብዙ፣ ወደ ዳገቱ ግን ጥቂት ይሄዳል። አደራደራቸው ለአንድ አቅጣጫ ባደላ ክሪስታሎች ውስጥ ያለ ኤሌክትሮንም በብርቱ ብርሃን ሲገፋ ወደ አንዱ ጎን የሚሄደው ወደ ሌላው ጎን ከሚሄደው ይበልጣል። እንዲህ ያለ ሚዛኑን ያልጠበቀ ውዝዋዜ በውስጡ ከገባው ብርሃን ሁለት እጥፍ የሚፈጥን ሌላ ውዝዋዜን ይይዛል። በመሆኑም ኤሌክትሮኑ ሁለት እጥፍ ድግግሞሽ ያለው፣ የሞገድ ርዝመቱም ግማሽ የሆነ ብርሃን ያመነጫል።

በገበታ ጨው ክሪስታል ውስጥ አተሞቹ በማዕከላቸው በኩል ቢገለበጡ አደራደሩ ራሱን መልሶ ያገኛል፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያለው መንገድ አንድ ነው። በዚህ ምክንያት ከጨው ክሪስታል ውስጥ ይህ የእጥፍ ድግግሞሽ ብርሃን በተግባር አይገኝም። ኳርትዝ ግን እንዲህ ያለ ሚዛን የለውም፤ ስለዚህም አዲሱን ብርሃን ሊሰጥ ይችላል። ሁለቱም ንጹሕና ብርሃን አስተላላፊ ክሪስታሎች ቢሆኑም ለሌዘር የሚሰጡት ምላሽ የሚለያየው ኤሌክትሮኖቻቸው የሚንቀሳቀሱበት ሜዳ ስለሚለያይ ነው።

ኤሌክትሮኖቹ በአንድ ስልት ሲንቀሳቀሱ

በክሪስታል ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ቁጥራቸው እጅግ ብዙ ነው። እያንዳንዳቸው የሚያመነጩት ብርሃን ደካማ በመሆኑ ውጤት የሚኖረው ሁሉም ሲተባበሩ ነው። ጎንደር በምትታወቅበት አቋቋም መዘምራኑ ጸናጽላቸውን በአንድ ስልት ሲያንቀሳቅሱ ድምፁ አንድ ሆኖ ይጎላል። ከፊሉ ቀድሞ ከፊሉ ቢዘገይ ግን ዜማው ይደባለቃል። በክሪስታሉ ፊት ለፊት የተወለደው አረንጓዴ ብርሃንና ጥቂት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የተወለደው አረንጓዴ ብርሃንም ስልታቸው ካልገጠመ እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ።

ችግሩ የሚመጣው የማይታየው ጨረርና አረንጓዴው ብርሃን በክሪስታል ውስጥ በተለያየ ፍጥነት ስለሚጓዙ ነው። መፍትሔውም ክሪስታሉን በተጠና ማዕዘን መቁረጥ ሲሆን፣ በዚያ አቅጣጫ ሁለቱ ብርሃኖች እኩል ሊጓዙ ይችላሉ። ይሁንና ፍጥነታቸው ከክሪስታሉ ሙቀት ጋር በጥቂቱ ይለዋወጣል። ማዕዘኑ ትንሽ ቢዛባ ወይም ሙቀቱ ከታሰበው ቢርቅ ስልቱ ይፈርሳል፤ አረንጓዴውም ይቀንሳል።

ከመጀመሪያው ሌዘር እስከ ዛሬ

ቴዎዶር ማይማን የመጀመሪያውን ሌዘር ከሩቢ ክሪስታል የሠራው እ.ኤ.አ. በግንቦት 16 ቀን 1960 ነበር። በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ፒተር ፍራንከንና ባልደረቦቹ የሩቢውን 694 ናኖሜትር ቀይ ብርሃን በኳርትዝ ውስጥ አሳልፈው 347 ናኖሜትር የሆነ አልትራቫዮሌት ብርሃን አገኙ። አዲሱ ብርሃን እጅግ ደካማ ስለነበር በፎቶግራፍ ሰሌዳው ላይ የተወው ምልክት አንዲት ትንሽ ነጥብ ብቻ ነበረች። ጽሑፉ በመጽሔት ሲታተም ነጥቧ እንደ እድፍ ተቆጥራ ከሥዕሉ ላይ መጥፋቷ በሙያው ዘንድ እስከ ዛሬ ይነገራል።

የክሪስታሎችን መስመራዊ ያልሆነ ምላሽ በስሌት ካስረዱት ቀዳሚ ሳይንቲስቶች አንዱ ኒኮላስ ብሉምበርገን ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተጋሪ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ለቆዳ ቅባቶች ማዘጋጃ በሚያገለግለው የዚንክ ኦክሳይድ ክሪስታል ላይ የተደረገ ምርምር አንድ ተጨማሪ እርምጃ አሳይቷል። እጅግ ብርቱ የሌዘር ብርሃን ኤሌክትሮኖችን ከእስራቸው አላቆ በክሪስታሉ ውስጥ ሲነዳቸው፣ በሥርዓት የተደረደሩት አተሞች እንቅስቃሴያቸውን ስለሚያጣምሙት ከገባው ብርሃን ድግግሞሽ ብዙ እጥፍ የሆኑ ብርሃኖች ይወጣሉ። ከእነዚህ ብርሃኖች ኤሌክትሮኑ በክሪስታሉ ውስጥ የተጓዘበትን መንገድ መልሶ ማወቅ ይቻላል። እ.ኤ.አ. የ2023 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማትም የኤሌክትሮንን እንቅስቃሴ ለመከታተል የሚያስችሉ እጅግ አጫጭር የብርሃን ብልጭታዎችን ለፈጠሩት ለፒየር አጎስቲኒ፣ ለፈረንጽ ክራውስና ለአን ሉዊሊየ ተሰጥቷል።

በአረንጓዴው መጠቆሚያ ውስጥ ያለው ሂደት

በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የተጀመረው ይህ እውቀት ዛሬ እስክሪብቶ በሚያህል መሣሪያ ውስጥ ገብቶ ለማስተማሪያ፣ ለስብሰባ ገለጻ፣ ለጎብኚዎች ማስረጃና ለልጆች መጫወቻነት ጭምር ያገለግላል። በተለመደው ዓይነት አረንጓዴ መጠቆሚያ ውስጥ ሂደቱ የሚከናወነው በሦስት ደረጃዎች ነው።

በመጀመሪያ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ዳዮድ 808 ናኖሜትር የሆነ ኢንፍራሬድ፣ ማለትም ከቀይ በታች ያለ የማይታይ ጨረር ያመነጫል። ቀጥሎ ይህ ጨረር ኒዮዲሚየም የተባለ ንጥረ ነገር የተጨመረበትን ክሪስታል ቀስቅሶ 1,064 ናኖሜትር የሆነ ሌላ ኢንፍራሬድ ጨረር ያስገኛል። በመጨረሻም ፖታሲየም ቲታኒል ፎስፌት በሚባል ሁለተኛ ክሪስታል ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ በሴኮንድ 282 ትሪሊዮን ጊዜ ያህል በሚወዛወዘው በዚህ ጨረር ይገፋሉ፤ ሚዛኑን ባልጠበቀው ውዝዋዜያቸውም ድግግሞሹን አጥፈው 532 ናኖሜትር የሆነውን አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣሉ።

የገባው ኢንፍራሬድ ሁሉ ወደ አረንጓዴ አይለወጥም። በመሆኑም በጥሩ ሁኔታ የተሠራ መሣሪያ የተረፈውን ኢንፍራሬድ የሚያስቀር ማጣሪያ በአፉ ላይ ይኖረዋል። ዋጋውን ለመቀነስ ማጣሪያው በቀረበት መሣሪያ ግን የማይታየው ጨረር ከአረንጓዴው ጋር አብሮ ይወጣል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ ባደረገው ምርመራ፣ የ10 ሚሊዋት መሆኑ የተገለጸ አንድ ርካሽ መጠቆሚያ አረንጓዴው ደብዛዛ ሆኖ ሳለ ወደ 20 ሚሊዋት የሚጠጋ ኢንፍራሬድ ሲያወጣ ተገኝቷል።

ቀይ መጠቆሚያዎች ቀለማቸውን በቀጥታ ከዳዮዱ ስለሚያገኙ ይህ የልወጣ ሂደት የላቸውም። ከ515 እስከ 520 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ አረንጓዴ በቀጥታ የሚሰጡ አዳዲስ ዳዮዶችም አሉ። ሆኖም የሁለቱም የሚታይ ጨረር በራሱ ለዓይን አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ጥንቃቄው ለሁሉም ያስፈልጋል።

ብርድና ሙቀት የሚያመጡት ለውጥ

የዳዮዱ የሞገድ ርዝመት በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በ0.3 ናኖሜትር ያህል ይለዋወጣል። መሣሪያው ከነበረበት ሙቀት 15 ዲግሪ ወደሚቀዘቅዝ ስፍራ ቢወሰድ ለውጡ ከ4 ናኖሜትር ይበልጣል ማለት ነው። የመጀመሪያው ክሪስታል ጨረሩን በሚገባ የሚቀበለው በ808 ናኖሜትር አካባቢ በመሆኑ፣ የሞገድ ርዝመቱ ከዚያ ሲርቅ ከፊሉ ሳይዋጥ ያልፋል። የሁለተኛው ክሪስታል ስልትም በሙቀቱ ለውጥ ሊዛባ ይችላል። በሁለቱም ሁኔታ አረንጓዴው ሲቀንስ የማይታየው ጨረር ድርሻ ይጨምራል።

ከዚህ በተጨማሪ አረንጓዴው የሚከተለው የኢንፍራሬዱን ኃይል ካሬ ነው። ልወጣው አነስተኛ በሆነበት ሁኔታ ኢንፍራሬዱ በግማሽ ሲቀንስ አረንጓዴው ወደ ሩብ ይወርዳል። በዓይን የሚታየው ብርሃን አራት ጊዜ ደክሞ ሳለ የማይታየው ግማሽ ኃይሉን እንደያዘ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአረንጓዴው ድምቀት የአደጋው መለኪያ ሊሆን አይችልም። ባትሪ ደክሞ ይሁን ልወጣ ተጓድሎ የደበዘዘውንም በማየት ብቻ መለየት አይቻልም።

በዓይን ላይ የሚደርሰው ጉዳት

የዓይን ሌንስ የሌዘርን ጨረር በሬቲና ላይ እጅግ ወደ ጠበበ ነጥብ ይሰበስበዋል። ብርቱ የሚታይ ብርሃን ዓይን ውስጥ ሲገባ ሰው በሩብ ሴኮንድ ያህል ጊዜ ውስጥ ሳያስበው ይጨፍናል፤ ይህም የተፈጥሮ መከላከያ ነው። 808ም ሆነ 1,064 ናኖሜትር የሆነው ኢንፍራሬድ ግን የዓይንን የፊት ክፍል አልፎ ሬቲና ላይ ይደርሳል፤ የማይታይ በመሆኑም ዓይኑ አይጨፈንም። ሬቲና ሕመም የሚያስተላልፍ ነርቭ ስለሌለው ጉዳቱ ሲደርስ ሕመም ላይሰማ ይችላል። የተቃጠለ የሬቲና ክፍል ደግሞ በአብዛኛው ተመልሶ አይተካም።

ይኸው 532 ናኖሜትር አረንጓዴ ሌዘር በዓይን ሐኪም እጅ፣ በተመጠነ ኃይልና ጊዜ፣ በስኳር ሕመም የተጎዳ ሬቲናን ለማከም ያገለግላል። ሐኪሙ የሚጠቀመው ሬቲናን የማቃጠል ኃይሉን በመሆኑ፣ ያው ኃይል ያለ ቁጥጥር በልጅ እጅ ሲገባ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ለመገመት አያዳግትም።

ከመግዛት በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ነጥቦች

• በመሣሪያው ላይ የተለጠፈው ምልክት የሌዘሩን ደረጃ፣ ኃይሉን በሚሊዋትና የሞገድ ርዝመቱን በናኖሜትር የሚገልጽ መሆኑን ማረጋገጥ። በዓለም አቀፉ አመዳደብ ደረጃ 2 እስከ 1 ሚሊዋት፣ ደረጃ 3አር ደግሞ እስከ 5 ሚሊዋት የሆኑ የሚታዩ ጨረሮችን ይመለከታል። ለተራ መጠቆሚያነት ደረጃ 2 በቂ ነው።
• «532» የሚል ቁጥር የተጻፈበት መሣሪያ በክሪስታል ልወጣ የሚሠራ በመሆኑ የኢንፍራሬድ ማጣሪያ እንዳለው ሻጩን መጠየቅ።
• ምንም ምልክት የሌለው ወይም ኃይሉ በመቶዎች ሚሊዋት የሆነ መሣሪያ ለመጫወቻም ሆነ ለማስተማሪያ አለመግዛት።
• ደረሰኝ መቀበልና ማስቀመጥ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። መረጃ የተነፈገ ሸማች ደረሰኙንና ዕቃውን ይዞ በወረዳው ለሚገኘው የንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታውን ማቅረብ ይችላል።

በአጠቃቀም ወቅት መደረግ ያለበት ጥንቃቄ

• ጨረሩን ወደ ሰው ወይም ወደ እንስሳ ዓይን፣ ወደ መስተዋትና ወደሚያንጸባርቅ ብረት አለመቀሰር።
• አረንጓዴው የደበዘዘ ወይም ከነጭራሹ የጠፋ መሣሪያን ለመመርመር በአፉ በኩል ወደ ውስጥ በፍጹም አለማየት። መሣሪያው በብርድ የደበዘዘ ከሆነ አጥፍቶ ማስቀመጥ።
• የስልክ ካሜራ ኢንፍራሬድ አለማሳየቱን የደኅንነት ማረጋገጫ አድርጎ አለመውሰድ። በርካታ የስልክ ካሜራዎች ኢንፍራሬድን የሚያግድ ማጣሪያ አላቸው።
• መሣሪያውን ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ማስቀመጥ፤ ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤት ይዘው እንዳይሄዱ መከታተል።
• በምሽት ጨረሩን ወደ ተሽከርካሪና ወደ አውሮፕላን በፍጹም አለመቀሰር። እንደ ሊማሊሞ ባለ ገደላማና ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የአሽከርካሪን ዓይን ለአንድ ሴኮንድ ማጭበርበር የብዙ መንገደኞችን ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል።

ጉዳት ደርሷል ተብሎ ሲጠረጠር

በሌዘር ጨረር ከተመታ በኋላ በእይታው መሐል ጥቁር ወይም ደብዛዛ ነጥብ የሚታየው፣ ቀጥ ያለ መስመር ጎብጦ የሚታየው ወይም እይታው የቀነሰ ሰው ሕመም ባይሰማውም ሳይዘገይ መመርመር አለበት። ዓይኑን ማሸት፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ጠብታ መጨመርና ባህላዊ መድኃኒት ማድረግ አይገባም። ልጆች የሚያዩትን ለውጥ በቃላት ላይገልጹ ስለሚችሉ፣ ወላጅ አንዱን ዓይን በየተራ ሸፍኖ የሌላውን እይታ ሊፈትሽ ይችላል።

በዛሪማና በአካባቢው የሚኖሩ ዜጎች በመጀመሪያ በአቅራቢያቸው ወደሚገኘው ጤና ተቋም ቀርበው ወደ ዓይን ሐኪም እንዲላኩ መጠየቅ ይችላሉ። በጎንደር ከተማ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር የዓይን ሕክምናና ሥልጠና ማዕከል ይገኛል። ወደ ሕክምና ሲኬድ መሣሪያውን አጥፍቶና ባትሪውን አውጥቶ ይዞ መቅረብ ይጠቅማል፤ በላዩ የተጻፈው ኃይልና የሞገድ ርዝመት ሐኪሙ የጉዳቱን ዓይነት እንዲረዳ ያግዘዋል።